የተራራ መስክና ምንጮቹ፤ ከመንዝ ጓሳ የሚገኝ ትምህርት



ድርቅ በደረሰ ቁጥር ዓይን ሁሉ የሚያርፈው ሰብሉ በጠወለገበት ማሳና እህል በሚታደልበት ጣቢያ ላይ ነው። ሆኖም በታችኛው አገር ምንጭ ሲነጥፍ፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የተጀመረው ከዓመታት በፊት በተራራው ሣር ላይ ነው። ስለዚህ የተራራ መስክን መልሶ ማልማት የእርዳታ ሥራ ራሱን የቻለ ክፍል ሆኖ መታየት ይገባዋል።

የደጋ መስክ የውኃ ጎተራ ነው። ጥቅጥቅ ያለው ሣር የዝናቡን ጉልበት ይሰብራል፤ ሥሩና አፈሩ ውኃውን አምቀው በበጋ ቀስ በቀስ ለምንጩ ይለቃሉ። መስኩ ከመጠን በላይ ሲጋጥ ግን አፈሩ በከብት ኮቴ ይጠቀጠቃል፤ ውኃው መስረጉ ቀርቶ ይጎርፋል፤ ጎርፉም ቦረቦር ይፈጥራል። ቦረቦሩ በጠለቀ መጠን በዙሪያው ያለው ረግረግ ውኃውን ወደዚያው እያንጠፈጠፈ ይደርቃል።

በሰሜን ሸዋ የሚገኘው የመንዝ ጓሳ ለዚህ ጉዳይ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ይህ ቦታ ለአባይና ለአዋሽ ተፋሰሶች ውኃ ያካፍላል። ስሙን ያገኘው ለቤት ክዳንና ለገመድ ከሚያገለግለው የጓሳ ሣር ነው። ሕዝቡ ቄሮ በተባለ ሥርዓት ቦታውን ለዘመናት ጠብቆታል። መስኩ እንደ ሣሩ ሁኔታ ለዓመታት ይዘጋል፤ ጊዜው ሲደርስ ይከፈታል፤ ደንቡን የጣሰ ይቀጣል። በችግር ዘመንም የተጠበቀው ሣር ለከብቱ መጠጊያ ሆኗል።

ቄሮ የቆመው በርስት ባለመብትነት ላይ ስለ ነበር፣ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ አብሮ ፈረሰ። አዋጁ መብት ላልነበራቸው መብት ሰጠ፤ ለጓሳ ግን ጠባቂ አልተካለትም። የሣሩ አጠቃቀም ልጓም አጣ። ቆይቶ ከገበሬ ማኅበራት የተውጣጡ ተወካዮች ኮሚቴ አቋቁመው ጥበቃውን አደሱ፤ ቦታውም ከጊዜ በኋላ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ በክልሉ መንግሥት ታወቀ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። መቼ እንደሚከፈት ያልተነገረለት ክልከላ አይጸናም። ሁለት በግ ብቻ ላለው ሰው የተዘጋ መስክ የተዘጋ በር ነው፤ ሣር አጭዶ የሚወስድበት ቀንና ድርሻ ከመዘጋቱ በፊት ሊወሰንለት ይገባል። የድንጋይና የጭራሮ ክትርም ከቦረቦሩ ራስ ተጀምሮ ወደ ታች መሠራት አለበት፤ ከታች ብቻ የተሠራ ክትር ከላይ በሚመጣው ደለል ይሞላል።

ክትትሉም ከዚህ ተለይቶ አይታይም። የተከለለው ሄክታርና የተሠራው ክትር ብዛት የሥራውን መጠን እንጂ ውጤቱን አይናገርም። ውጤቱን የሚናገረው ምንጩ ነው። በየዓመቱ በጥር፣ የበልግ ዝናብ ሳይጀምር፣ በአንድ በተወሰነ ቦታ መጠኑ የታወቀ ባልዲ በስንት ሴኮንድ እንደሚሞላ መመዝገብ፣ መስኩንም ከዚያው ቦታ ፎቶግራፍ ማንሳት ይቻላል። የዝናቡ መጠን አብሮ ካልተመዘገበ ግን የአንድ ጥሩ ክረምት በረከት የፕሮጀክት ውጤት መስሎ ሊቀርብ ይችላል። መዝገቡም ባለሙያው ሲዛወር አብሮ እንዳይሄድ በቀበሌው እጅ ይቀመጥ።

ብዙ ሰው ቀዬውን የሚለቀው ውኃው ቀድሞት ስለ ሄደ ነው። ሰፈራ ከመታቀዱ በፊት የዚያ ቀዬ ምንጭ ከላይ ምን እንደ ደረሰበት መጠየቅ የሁሉም ኃላፊ ግዴታ ነው።