የሰማይ ዘላይ ርቀት እንዴት ይለካል?

(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዚህ በዓል ስለ አንድ የሩቅ አገር ስፖርት ጥቂት ቃል እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ደስታዬ ከፍ ያለ ነው። ነገሩ ጨዋታ ቢመስልም ሁላችንን የሚመለከት ጥያቄ በውስጡ አለ። ጥያቄውም «መለካት ማለት ምንድን ነው?» የሚል ነው።

ጭልፊት ጫጩት ሊነጥቅ ሲመጣ አይታችኋል። ከላይ ተወርውሮ ይወርድና መሬት ሊነካ ሲል ክንፉን አቅንቶ ሣሩን እየታከከ ያልፋል። በፓራሹት የሚዘሉ ሰዎችም ይህን የመሰለ አወራረድ ተምረዋል፤ በእንግሊዝኛ «ስዉፕ» ይሉታል። ይህም ሊሆን የቻለው ፓራሹት እንደ ጥንቱ ክብ ጃንጥላ መሆኑ ቀርቶ ክንፍ ስለ ሆነ ነው። ነፋስ በፊቱ እየገባ የሚነፋውን የጨርቅ ክንፍ ዶሚና ጃልበርት የተባለ ሰው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 በአሜሪካ አገር ፈለሰፈው።

ዘላዩ ወደ መሬት ሲቃረብ ፓራሹቱን በኃይል አዙሮ ቁልቁል ይወረወራል፤ በዚህም ፍጥነት ያገኛል። ከዚያም ፓራሹቱን ያቀናና ያን ፍጥነት ወደ ፊት መሄጃ ያደርገዋል። ከውድድሩ ክፍሎች በአንደኛው 70 ሜትር መንገድ አለ፤ ጐበዞቹ ይህን ከ3 ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሱታል። ሒሳቡን ብናሰላ በሰዓት ከ84 ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

አሁን ወደ ርቀቱ እንምጣ። ከአየር የሚመጣ ሰው ርቀቱ ከየት ይጀምራል? በሰማይ ላይ መስመር አይሰመርም። ስለዚህ በዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን ደንብ መሠረት በመሬት ላይ በር ይቆማል። የበሩ ስፋት 10 ሜትር፤ ከፍታው 1.5 ሜትር ነው። ዘላዩ በዚህ በር ሲያልፍ ከሰውነቱ አንዱ ክፍል ከ1.5 ሜትር በታች መሆን አለበት። ከዚያ በላይ ሆኖ ካለፈ ምንም ያህል ርቆ ቢሄድ ውጤቱ ባዶ ነው። መጨረሻውስ? ሰውነቱ መጀመሪያ መሬት የነካበት ነጥብ ነው። ከነካ በኋላ የሮጠውና የተንሸራተተው አይቈጠርለትም።

መጀመሪያውና መጨረሻው ከታወቀ በኋላም ገመዱ በየት በኩል እንደሚዘረጋ መስማማት ያስፈልጋል። ሁለት ሰዎች ከበሩ መስመር እኩል 100 ሜትር ርቀው ዐረፉ እንበል። አንዱ ቀጥ ብሎ ሄደ፤ ሌላው ግን ከበሩ ከግራው ጥግ ተነሥቶ በ10 ሜትሩ ስፋት ወደ ቀኙ ጥግ አዘነበለ። ገመዱ በሰያፍ ቢዘረጋ፤ በክፍላችን በተማርነው በፓይታጎራስ ሕግ መሠረት፤ ለሁለተኛው 100 ሜትር ከ50 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆንለታል። ማሸነፍና መሸነፍ በሴንቲ ሜትር በሚለይበት ስፍራ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በአገራችን ጨርቅ በክንድ ሲለካ የረጅሙ ሰው ክንድ ከአጭሩ እንደሚበልጥ ሁሉ፤ አስቀድሞ ስምምነት ከሌለ ቍጥር ብቻውን እውነትን አይናገርም።

አየሩም ራሱ በልኩ ውስጥ ይገባል። በ1968 በሜክሲኮ ኦሎምፒክ፤ ማሞ ወልዴ በማራቶን ባሸነፈበት ጊዜ፤ አሜሪካዊው ቦብ ቢሞን 8.90 ሜትር ዘለለ። ርቀቱ ለመለኪያ ከተዘጋጀው መሣሪያ አልፎ ስለ ሄደ ዳኞቹ በሜትር ገመድ ለኩት። ሜክሲኮ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ስስ ነው። የአዲስ አበባ አየርም ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። አንድ ሰው በዚያው ፓራሹት እዚህ ቢያርፍ ፍጥነቱ ከመቶ 12 ያህል ይጨምራል፤ ርቀቱም ይረዝማል። መሬቱም በዚያው ልክ ፈጥኖ ይመጣበታል።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው። በዚህ ስፖርት ከሚሞቱት ሰዎች ጥቂት የማይባሉት ፓራሹታቸው አልከፈት ብሎ የሞቱ አይደሉም። በደኅና ከተከፈተ ፓራሹት በታች፤ መሬት አጠገብ ዝቅ ብለው ሲዞሩ ነው። አንድ ወጣት ዙሩን ዘግይቶ ይጀምራል፤ በሩን ላለመሳት ሲል ይጣደፋል፤ ማቅኛ ከፍታ አይቀረውም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ።

ብልኁ ተወዳዳሪ ግን ዙሩ እንደ ተበላሸ ባወቀ ጊዜ በሩን ይተወዋል። በደኅና ያርፋል፤ በመዝገቡም ባዶ ይጻፍለታል። ተመልካቹ አያጨበጭብለትም። ሆኖም ያ ባዶ ቍጥር ከሁሉ የሚበልጥ ፍርድ ያለበት ነው፤ ሰውዬው በማግሥቱ እንደገና ይዘላልና።

እኛም በቅርቡ ከዚህ ትምህርት ቤት ስንወጣ በብዙ በሮች እናልፋለን፤ በብዙ ሜትርም እንለካለን። ከየት እስከ የት እንደምንለካ አስቀድመን እንጠይቅ። በሩ ያላማረልን ጊዜም ባዶን ለመቀበል የሚበቃ ልብ ይኑረን።

ትምህርት ቤታችንን ለብዙ ዘመን ያቈይልን።