የአንድ ስም ታሪክ፤ ስለ ሮልስ ሮይስ

(በተማሪዎች የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



ለዛሬው ምሽት የመረጥነው ርእስ ብዙዎቻችሁን ሳያስገርም አልቀረም። ከመካከላችን ሮልስ ሮይስ ያለው አንድም ሰው የለም፤ ብዙዎቻችንም ከከተማው አውቶቡስ በቀር የምናዘወትረው መኪና የለንም። ታዲያ ስለ ባለጸጎች መኪና መናገር ምን ይፈይዳል? የሚለው ጥያቄ ከአዳራሹ ከመነሣቱ በፊት መልሱን ብንሰጥ ይሻላል። እኛ ልንናገር የመጣነው ስለ ቆዳ ወንበሩና ስለ ዋጋው አይደለም። አንድ ስም እንዴት እንደሚሠራ፤ ማን እንደሚሠራው፤ ከተሠራም በኋላ የማን ንብረት እንደሚሆን ነው። በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ አንድ ዕቃ፤ ሰዓትም ይሁን ብዕር፤ ከዓይነቱ ሁሉ የላቀ ነው ለማለት «ይህስ የብዕር ሮልስ ሮይስ ነው» ማለት የተለመደ ነው። የአንድ ፋብሪካ ስም በሰው አፍ ገብቶ እንዲህ የማመስገኛ ቃል እስኪሆን መድረሱ ቀላል ነገር አይደለም። ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት፤ ካልገለጽን በቀር ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንደምንናገር እናሳስባለን።

ሄንሪ ሮይስ በ1863 በእንግሊዝ አገር ፒተርቦሮ ከምትባለው ከተማ አጠገብ በምትገኝ መንደር ተወለደ። አባቱ ባለወፍጮ ነበር፤ ሥራው አልቃና ብሎት ቤተሰቡን ይዞ ወደ ሎንዶን ሄደ። በ1872 አባትየው ሲሞት ልጁ ገና የዘጠኝ ዓመት ሕፃን ነበር። ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት ለእርሱ ቅንጦት ሆነበት። በሎንዶን ጎዳና ጋዜጣ ሸጠ፤ ቴሌግራም ተሸክሞ ከቤት ወደ ቤት አደለ። በ15 ዓመቱ ግድም አክስቱ ገንዘብ ከፍላለት በፒተርቦሮ የምድር ባቡር ወርክሾፕ በተለማማጅነት ገባ፤ ነገር ግን የአክስቱ ገንዘብ ስላለቀ ልምምዱን ሳይጨርስ ወጣ። እንግዲህ በኋላ የዓለም መሐንዲሶች በአክብሮት ስሙን የጠሩት ሰው ዲፕሎማ የሚባል ነገር በእጁ አልገባም ማለት ነው። (ይህን የምንለው ከፈተናው ሳምንት በፊት ለስንፍና ምክንያት እንዲሆናችሁ አይደለም።)

በ1884 ኧርነስት ክሌርሞንት ከሚባል ጓደኛው ጋር በማንቸስተር ከተማ አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሥሪያ ከፈተ። መጀመሪያ የሠሩት የበር ደወልና የመሳሰለውን ጥቃቅን ዕቃ ነበር፤ ኋላም ዲናሞና የኤሌክትሪክ ክሬን ሠሩ። ሥራው ደኅና ሆነ። በ1903 ሮይስ ደኮቪል የተባለ ያገለገለ የፈረንሳይ መኪና ገዛ። መኪናው ይንጫጫል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ሲያሻውም አልነሣም ይላል። ሌላ ሰው ቢሆን ለሻጩ ይመልሰው ወይም ሰድቦት ይነዳው ነበር። ሮይስ ግን ፈታታው። እያንዳንዱን ክፍል አንድ በአንድ አገላብጦ ካየ በኋላ ከዚህ የተሻለ እኔ ራሴ እሠራለሁ ብሎ ተነሣ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ይገባናል፤ የነገሩ ሥር እዚህ ነውና። ሮይስ አዲስ ነገር ፈጣሪ አልነበረም። ሞተርን የፈለሰፉት ጀርመኖች ናቸው፤ የመኪናውን አቀማመጥ ያወጡት ፈረንሳዮች ናቸው። የእርሱ ሥራ ሌላው የሠራውን አንሥቶ፤ ኮሎውን ይበልጥ ማመዛዘን፤ ማርሹን ይበልጥ ማለስለስ፤ ብሎኑን ይበልጥ ማጥበቅ ነበር። «ይበልጥ» የምትለው ቃል ናት እንግዲህ የዚህ ሁሉ ዝና መሠረት። ባለ ሁለት ሲሊንደሩ የመጀመሪያ መኪናው ሚያዝያ 1 ቀን 1904 ከወርክሾፑ ወጥቶ በማንቸስተር ጎዳና ላይ ሄደ። እንደዚያች ያለች ሦስት ብቻ ሠራ።

ሁለተኛው ሰው ቻርልስ ሮልስ ነው፤ ስለ እርሱ ብዙ አንናገርም። የሎርድ ልጅ ነው፤ በኢተን ተምሮ በኬምብሪጅ ተመርቋል፤ በሎንዶን ከውጭ የሚመጡ መኪናዎችን ይሸጥ ነበር። የሚያስቆጨው ነገር ለጌቶች የሚያቀርበው ደኅና መኪና ሁሉ የባዕድ መሆኑ ነው። ግንቦት 4 ቀን 1904 በማንቸስተር ሚድላንድ ሆቴል ሁለቱ ሰዎች ተገናኙ። ሮልስ ባለ ሁለት ሲሊንደር መኪና አይወድም ነበር፤ ያችን የሮይስን መኪና ከሞከረ በኋላ ግን ሐሳቡን ለወጠ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ውል ተፈራረሙ። ሮይስ የሚሠራውን መኪና ሁሉ ሮልስ ሊሸጥ፤ መኪናውም ሮልስ ሮይስ ተብሎ ሊጠራ ተስማሙ።

ያገራችን ሰው «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል። ይህን ስም ግን ያወጣው የንግድ ውል ነው። ልብ በሉ፤ ሻጩ ከፊት ቀደመ፤ ሠሪው ከኋላ ተከተለ። የሎርዱ ልጅ ስም ለገዢው ጆሮ ይጥማል የተባለ ይመስለናል። በእኛም አገር ቢሆን ብረት ቀጥቃጩ በስድብ ስም ሲጠራ የኖረበትን ዘመን ስናስታውስ በእንግሊዞቹ ላይ ብዙ መፍረድ አይቻለንም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ባለእጅን በሙያው መስደብን በዐዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ነበር። ይህም ሮልስ ሮይስ ኩባንያ በደርቢ ከተማ ትልቁን ፋብሪካውን በከፈተበት በ1908 ማለት ነው።

የስሙ ትልቅነት የጀመረው በ1907 ነው። ክሎድ ጆንሰን የሚባለው የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ፤ በሮልስና በሮይስ መካከል ያለችው ጭረት እርሱ ነው እየተባለ የሚቀለድበት ብልህ ሰው፤ ከአዲሶቹ ባለ ስድስት ሲሊንደር መኪናዎች አንዷን የብር ቀለም አስቀብቶ ሲልቨር ጎስት አላት፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የብር መንፈስ» ማለት ነው። ስሟ የተሰጣት ድምፅ ሳታሰማ እንደ መንፈስ ስለምታልፍ ነው። ከዚያም በሮያል አውቶሞቢል ክለብ ታዛቢዎች ፊት በሎንዶንና በግላስጎ መካከል እየተመላለሰች ወደ 15,000 ማይል የሚጠጋ መንገድ አስኬዳት። ከጉዞው በኋላ ሞተሯ ተፈትቶ እያንዳንዱ ክፍል ተለካ። ያረጀውን ተክቶ እንደ አዲስ ለማድረግ ያስፈለገው ዕቃ ዋጋ ሦስት ፓውንድ አልሞላም። በዚያ ዘመን መኪና ማለት ባለቤቱ በመንገድ ዳር ተንበርክኮ የሚያድርበት ዕቃ ስለ ነበረ፤ ይህ ወሬ እንዴት እንደ ተሰማ መገመት አያዳግትም። «በዓለም ምርጡ መኪና» የሚለው ውዳሴ ሥር የሰደደው ከዚያ ወዲህ ነው።

ነገር ግን ዝና ሁልጊዜ ዐይነ ጥላ አለበት። በ1912 ጄምስ ራድሊ የተባለ ሰው በሲልቨር ጎስት ወደ አልፕስ ተራሮች ውድድር ሄዶ ካትሽበርግ የተባለው ዳገት ላይ ቆመችበት። ካምቢዮዋ ባለ ሦስት ማርሽ ብቻ ስለ ነበረ ለዚያ ዳገት የሚሆን አቅም አልነበራትም። ኩባንያው ነገሩን በጋዜጣ ማስተባበል ይችል ነበር። ያደረገው ግን ሌላ ነው፤ ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ ሠርቶ በ1913 ወደዚያው ውድድር ተመልሶ ድሉን ወሰደ። ለእኛ ከ15,000ው ማይል ይልቅ ይህች ዳገት ትበልጥብናለች።

ሮልስ ይህን አላየም። ልቡ ከመኪና ወደ አውሮፕላን ሄዶ ነበር። በ1910 በሰኔ ወር የእንግሊዝን ባሕር ሳያርፍ ደርሶ መልስ በማቋረጥ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ በሚቀጥለው ወር በበርንማውዝ ከተማ በተደረገ ትርኢት የአውሮፕላኑ ጅራት ተሰብሮ ወድቆ ሞተ። ዕድሜው 32 ነበር። ሮይስ ደግሞ በሥራ ብዛትና ምግብ በመዘንጋት ጤናው ተቃውሶ ከ1912 ከባድ ቀዶ ጥገና በኋላ ወደ ደርቢ ፋብሪካ ሊመለስ አልቻለም። ክረምቱን በደቡብ ፈረንሳይ፤ በጋውን በእንግሊዝ ደቡብ ጠረፍ እየተቀመጠ በዙሪያው ጥቂት ነዳፊዎችን ሰብስቦ ንድፉን በፖስታ ይልክ ነበር። እስከ ሞተበት እስከ 1933 ድረስ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ፤ ፋብሪካውን የመራው ከአልጋና ከአትክልት ሥፍራ ሆኖ ነው። በ1930 የባሮኔት ማዕርግ ተሰጠው፤ ራሱን ግን መካኒክ ብሎ መጥራቱን አልተወም ይባላል።

ያ በሽተኛ ሰው የነደፈው ነገር መኪና ብቻ አልነበረም። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ኢግል የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር ሠራ። በ1919 አልኮክና ብራውን አትላንቲክን ሳያርፉ ለመጀመሪያ ጊዜ ያቋረጡት በሁለት እንደዚህ ባሉ ሞተሮች ነው። ከእርሱ ሞት በኋላ የመጣው መርሊን የተባለው ሞተር በ1940 የስፒትፋየርና የሃሪኬን አውሮፕላኖች ልብ ነበር። የእንግሊዝ ሕዝብ ለዚህ ስም ያለው ፍቅር ከመኪናው ይልቅ ከዚያ ዓመት ሰማይ የመጣ ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

የተቀመጡበትን ሰዎች ያነሣን እንደ ሆነ ዝርዝሩ ያስቃል። የህንድ መሃራጃዎች ነበሩ። የሠራተኛው መደብ መሪ ሌኒንም በሮልስ ሮይስ ይሄድ ነበር፤ ለበረዶ እንዲመች ከኋላ እንደ ታንክ ሰንሰለት የተገጠመለት አንዱ ዛሬም ከሞስኮ አጠገብ በሙዚየም ይታያል። ከ1950 ጀምሮ የተሠራው ፋንተም 4 ደግሞ ለነገሥታትና ለመሪዎች ብቻ ተብሎ 18 ብቻ ነው የተሠራው። በማስታወቂያም ቢሆን ኩባንያው ትዕቢቱን በትሕትና መሸፈን ያውቅበታል። የሞተሩ ጉልበት ስንት ፈረስ ነው? ተብሎ ሲጠየቅ ለብዙ ዘመን የሚሰጠው መልስ «የሚበቃ ያህል» የሚል ነበር። በ1958 ዴቪድ ኦጊልቪ ባወጣው ዝነኛ ማስታወቂያ ደግሞ መኪናው በሰዓት 60 ማይል ሲሄድ ከሁሉ የሚሰማው ድምፅ የኤሌክትሪክ ሰዓቱ መሆኑ ተነገረ። ከኩባንያው መሐንዲሶች አንዱ ይህን አንብቦ እንግዲያው ሰዓቱን እናስተካክለው አለ ይባላል። ተረቱም ብዙ ነው። ኮፈኑ በቁልፍ የታሸገ ነው ይላሉ፤ በበረሃ የተሰበረበትን ሰው መካኒክ በአውሮፕላን መጥቶ ሲጠግንለት ሒሳብ ቢጠይቅ «የእኛ መኪና ተሰብሮ አያውቅም» ተባለ ይላሉ። እነዚህ ተረቶች እውነት ባይሆኑም ገዢው ማመን የፈለገውን ያሳያሉ።

አሁን ወደ መራራው ክፍል እንግባ። በ1968 ኩባንያው ሎክሂድ ለተባለው የአሜሪካ ድርጅት አዲስ የጄት ሞተር በተወሰነ ዋጋ ሊሠራ ተዋዋለ። ከካርቦን ክር የተሠሩት የሞተሩ ማራገቢያ ቅጠሎች ወፍ ቢመታቸው ይችሉ እንደ ሆነ ሲፈተኑ ተሰባበሩ፤ በቲታኒየም መተካት ግድ ሆነ፤ ወጪው ከውሉ ዋጋ እጅግ በለጠ። የካቲት 4 ቀን 1971 ሮልስ ሮይስ ከሰረ። ያን ዕለት እንግሊዞች የተሰማቸው ድንጋጤ ባንክ የተዘጋ ያህል ሳይሆን ቤተ ክርስቲያን የፈረሰ ያህል ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። የግል ንግድ ወዳድ የሆነው የኤድዋርድ ሂዝ መንግሥት ሳይወድ በግዱ የሞተሩን ሥራ የመንግሥት አደረገው። የመኪናው ክፍል በ1973 ተለይቶ ለብቻው ቆመ፤ በ1980 ቪከርስ ለተባለ ኩባንያ ዞረ።

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚባለው ተረት ምን ያህል እውነት እንደ ሆነ የታየው ግን በ1998 ነው። ቪከርስ የመኪናውን ፋብሪካ ለጨረታ ሲያቀርብ ሁለት የጀርመን ኩባንያዎች፤ ቢኤምደብልዩና ቮልስዋገን፤ ተፎካከሩ። ቮልስዋገን በ430 ሚሊዮን ፓውንድ አሸነፈ። የክሩውን ፋብሪካ፤ ሠራተኞቹን፤ ንድፉን፤ በኮፈኑ ጫፍ ላይ የቆመችውን ባለ ክንፍ ምስል ሁሉ ወሰደ። ሁሉን ከወሰደ በኋላ ግን ስሙ አልተሸጠለትም። ሮልስ ሮይስ የሚለው ስምና የሁለቱ «አር» ፊደሎች ምልክት የአውሮፕላን ሞተር ሠሪው ኩባንያ ንብረት ስለ ነበሩ፤ እርሱ ደግሞ ለቢኤምደብልዩ በ40 ሚሊዮን ፓውንድ ፈቀደለት። አንዱ ፋብሪካ ይዞ ስም አጣ፤ ሌላው ስም ይዞ ፋብሪካ አጣ። በመጨረሻ ተስማምተው ቮልስዋገን ቤንትሌይን ሊያስቀር፤ ከ2003 ጥር ጀምሮ ሮልስ ሮይስን ቢኤምደብልዩ ብቻውን ሊሠራ ሆነ።

በዚህ ጨረታ ላይ እኛን የሳበን ሌላም ነገር አለ። ቮልስዋገን በጀርመንኛ የሕዝብ መኪና ማለት ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በትንሽ ቮልስ ነበር፤ ለሥርዓቱ ማብቂያ መኪና እንደ ምልክት ሆና የተቆጠረችበት ቀን ነው። ከ24 ዓመት ያህል በኋላ ያው የሕዝብ መኪና ፋብሪካ የጌቶችን መኪና ልግዛ ብሎ መጥቶ ስሙ መከልከሉ ታሪክ አንዳንዴ እንደሚቀልድ ያሳያል።

የክሩ ሠራተኞች በዚህ ሁሉ መካከል ምን ተባሉ? ለአባት ለልጅ ሲተላለፍ የኖረው ቆዳ የመስፋትና እንጨት የመለበጥ ሙያ በእነርሱ እጅ ነበር፤ ስሙ ግን የእነርሱ አልነበረም። እነዚያው እጆች እስከ 2002 ሮልስ ሮይስ፤ ከ2003 ጀምሮ ቤንትሌይ ብቻ ይሠሩ ነበር። ሮልስ ሮይስ በጉድውድ በአዲስ ፋብሪካና በአዲስ ሠራተኞች ተጀመረ፤ ገዢውም ያለ ብዙ ጥርጥር ተቀበለው። ክብሩ ከእጅ ሙያ ነው ወይስ ከፊደል ነው? በዚህ ጥያቄ በመካከላችን አልተስማማንም፤ ከእኛ የኢኮኖሚክስ ተማሪዎቹ አንድ ወገን፤ የምህንድስናዎቹ ሌላ ወገን ይዘናል።

ስለ ዛሬው ጥቂት ብለን እንፈጽም። ፋብሪካው የቆመበት ጉድውድ ሮይስ ኖሮ ከሞተበት ከዌስት ዊተሪንግ መንደር ብዙ አይርቅም። በ2022 እና በ2023 በየዓመቱ ከ6,000 ጥቂት የሚበልጡ መኪናዎች ሸጧል። ሞተር ሠሪው ኩባንያ ግን ከመኪናው ጋር ከስም በቀር ዝምድና የለውም። የእኛ አየር መንገድ በ2016 ከአፍሪካ መጀመሪያ ሆኖ ያመጣቸው የኤርባስ ኤ350 አውሮፕላኖች ሞተር የእርሱ ሥራ ስለ ሆነ፤ ከቦሌ ሲነሡ በመስኮት በኩል የሚቀመጥ ሰው ሁለቱን ፊደሎች በሞተሩ ጎን ላይ ያያቸዋል። በ2023 ደግሞ መኪና ሠሪው ስፔክተር የተባለውን፤ ቤንዚን የማያውቅ፤ በባትሪ ብቻ የሚሄድ መኪና ለገዢዎች ማስረከብ ጀመረ። ሮልስ ገና በ1900 የኤሌክትሪክ መኪና ድምፅና ሽታ የሌለው መሆኑን አመስግኖ፤ የጎደለው በየመንገዱ ባትሪ መሙያ ጣቢያ ነው ብሎ ነበር። ሮይስም ሥራውን የጀመረው በኤሌክትሪክ የበር ደወል እንደ ነበረ ቀደም ብለን ተናግረናል።

 በክሩው ሠራተኞች ነገር የምትከራከሩን ካላችሁ አዳራሹ እስከ ሁለት ሰዓት ተፈቅዶልናል።