ስለ ወንጀል ምርመራ የኮምፒዩተር ጨዋታዎችና ስለ ልጆቻችን የማመዛዘን ችሎታ

(በአዴት ከተማ ለነዋሪዎች ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችን የልጅ ጨዋታ ሊመስል ይችላል፤ በእርግጥም የልጅ ጨዋታ ነው። ይኸውም ከ11 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች በስልክና በኮምፒዩተር የሚጫወቷቸው፣ «ዕቃውን የወሰደው ማነው?» እያሉ ፍንጭ በመልቀም እውነቱን የሚያወጡባቸው የምርመራ ጨዋታዎች ጉዳይ ነው። ርእሱን የመረጥነው «ስልክ ልጆቻችንን አበላሸብን» የሚለው ሮሮ በየስብሰባው ስለሚነሣ ነው። ሮሮው እውነት አለው። ይሁን እንጂ መኪና ሲያጋጭ የሚያመሽ ልጅና ሦስት ሰዎች የሰጡትን ቃል ሲያነጻጽር የሚያመሽ ልጅ እኩል አመሹ ማለት አይቻልም።

ጥፋተኛን ፈልጎ ማግኘት ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ከእኛ መካከል በዕድሜ የገፉት እንደሚያውቁት፣ ንብረት ሲጠፋ ወይም ቤት ሲቃጠል የአካባቢው ሰው በሙሉ በአውጫጭኝ ይሰበሰብና ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ ሲመላለስ ይከርም ነበር። በግልጽ መናገር የፈራ ሰው «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ ለሽማግሎች በምሥጢር ይነግራል። ከዚህ ሌላ ደግሞ ሌባ ሻይ ነበር። ለአንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና፣ ልጁ እየተወላገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ማስረጃ የለ፣ ምስክር የለ! ስንት ንጹሕ ሰው ያልሰረቀውን እንደ ከፈለ እግዜር ይወቀው። ልማዱ በኋላ በመንግሥት ተከልክሎ ቀርቷል። ግን እስቲ በእውነት እንነጋገር፤ ከልባችንስ ወጥቷል ወይ? ዛሬ በሠፈር ዶሮ ብትጠፋ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ማነው? ድኻው፣ እንግዳው፣ ወይም አንድ ጊዜ ስሙ በክፉ የተነሣ ልጅ አይደለም እንዴ? ወፊቱም በፌስቡክና በቴሌግራም መብረር ከጀመረች ሰነባብታለች።

የምርመራ ጨዋታ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ በእ.ኤ.አ. 1985 ብሮደርቡንድ የሚባል የአሜሪካ ድርጅት ያወጣውን የካርመን ሳንዲያጎ ጨዋታ እንውሰድ። ተጫዋቹ መርማሪ ሆኖ ከአገር አገር የሚሸሽ ሌባ ያሳድዳል። ምስክሮቹ የሌባውን ስም አይነግሩትም፤ «ገንዘቡን በዚህ አገር ገንዘብ ቀየረ፤ ባንዲራው እንዲህ ያለ መርከብ ላይ ወጣ» ይሉታል እንጂ። ልጁ የገንዘቡን፣ የባንዲራውን አገር ፈልጎ ማግኘት አለበት፤ ለዚህም ሲባል ጨዋታው ሲሸጥ ስለ ዓለም አገሮች የሚናገር ወፍራም መጽሐፍ አብሮ ይሰጥ ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የመያዣ ትእዛዙ ነው። የሌባውን ምልክቶች አሟልቶ በስሙ የመያዣ ትእዛዝ ያላወጣ ተጫዋች ሌባው ዘንድ ቢደርስ እንኳ ሌባው ያመልጠዋል። እንግዲህ ልጁ ጥርጣሬና ማስረጃ የተለያዩ መሆናቸውን ያለ ሰባኪ፣ በራሱ ኪሣራ ይማራል ማለት ነው።

ካፕኮም የተባለው የጃፓን ድርጅት በእ.ኤ.አ. 2001 የጀመረው «ኤስ አቶርኒ» ደግሞ የፍርድ ቤት ጨዋታ ነው። ልጁ ጠበቃ ይሆንና የምስክሩን ቃል ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር እያዳመጠ፣ በእጁ ካለው ማስረጃ ጋር የሚጋጨው የትኛው እንደ ሆነ ያሳያል። ዝም ብሎ የገመተ ይቀጣል። በላ ልበልሃ እየተባባሉ ሲሟገቱ ለኖሩት አባቶቻችን ይህን ጨዋታ ብናሳያቸው ከልጆቹ ሳይቀድሟቸው ይቀሩ ነበር ብለን አናምንም።

ጥንቃቄ የሚያሻው ነገርም አለ። በእ.ኤ.አ. 2018 የወጣው «ሪተርን ኦቭ ዘ ኦብራ ዲን» በመርከብ ላይ የነበሩ 60 ሰዎች ምን እንደ ደረሰባቸው የሚያስመረምር ነው። መልሱ ትክክል መሆኑን የሚነግረው የሦስት ሰዎች ዕጣ አንድ ላይ በትክክል ሲሞላ ብቻ ስለሆነ መገመት አያዋጣም፤ በዚህ በኩል ግሩም ነው። ነገር ግን ሬሳና ደም የበዛበት ስለሆነ ለ12 ዓመት ልጅ አንፈቅደውም።

አሁን ራሳችንን እንፈትን። ከቤት የማር ገንቦ ተሰረቀ እንበል። ሦስት ወንድማማቾች ተጠየቁ። ታላቁ «የወሰደው ታናሹ ነው» አለ። መካከለኛው «እኔ አይደለሁም» አለ። ታናሹም «እኔ አይደለሁም» አለ። ከሦስቱ እውነት የተናገረው አንድ ብቻ ነው። ሌባው ማነው? ስሙ ስለ ተጠራ ብቻ ዓይናችን ወደ ታናሹ መሄዱ አይቀርም። እንግዲያው አንድ በአንድ እንየው። ታናሹ ወስዶ ቢሆን፣ የታላቁም የመካከለኛውም ቃል እውነት ይሆናል፤ ሁለት ሆነ፣ አይሆንም። ታላቁ ወስዶ ቢሆን፣ «እኔ አይደለሁም» ያሉት ሁለቱ እውነት ተናገሩ፤ ይህም አይሆንም። መካከለኛው ከሆነ ግን እውነት የሚሆነው የታናሹ ቃል ብቻ ነው። ማሩን የበላው መካከለኛው ነው፤ ታናሹ በሐሰት ሊገረፍ ነበር።

እንዲህ ያለ አካሄድ የሚያስፈልገው ለሌባ ብቻ አይደለም። ስንዴው ቢጫ ሲሆን ዋግ ይሁን፣ ውኃ መተኛት ይሁን፣ የማዳበሪያ ማነስ ይሁን ሦስት ተጠርጣሪ አለ። እዚሁ አጠገባችን ያለው የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያ ሌላውን ሁሉ እኩል አድርጎ አንዱን ብቻ በመለወጥ ነው የሚለየው። ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ መጽሐፍ ያልደረሰው አለ፣ ትምህርት የተቋረጠበት አለ። ቢሆንም «ለምን?» ብሎ ሳይጠይቅ ደብተሩን በቃሉ የወጣ ልጅ ጥያቄው ትንሽ ዞር ሲልበት እንደሚደናገጥ ወላጅ ሁሉ ያውቀዋል።

ታዲያ ጨዋታው ብቻውን ጎበዝ ያደርጋል ብለን አንዋሽም። ሉሞሲቲ የተባለውን የአእምሮ ማጎልበቻ ጨዋታ የሚሸጠው የአሜሪካ ድርጅት ተጠቃሚውን በማይገባ ተስፋ አሳስቷል ተብሎ በእ.ኤ.አ. 2016 2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ልጅ በጨዋታ ያገኘውን ወደ ትምህርቱና ወደ ኑሮው የሚያሻግርለት ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ ስልኩን ሰጥተን ዞር ከማለት አጠገቡ ቁጭ ብለን «በምን አወቅህ? ሌላ ሰው ሊሆን አይችልም ወይ?» ብንለው ይበጃል። እንግሊዝኛው ቢያስቸግረን ልጁ ያስተርጉምልን፤ እሱም አንድ ትምህርት ነው። አንድ ስልክ ለሦስት ልጅ ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው፤ ይከራከራሉና።

ስልክ የሌለውስ? በእ.ኤ.አ. 1949 በእንግሊዝ ለገበያ የወጣው ክሉዶ በወረቀት የሚሠራ ነው። 6 ተጠርጣሪ፣ 6 መሣሪያና 9 ክፍል አለው፤ ሲባዛ 324 መልስ ሊኖር ይችላል ማለት ነው። እኛ ግድያውን ትተን በስርቆት ለውጠነዋል። 6 ሰው፣ 6 ዕቃ ማለትም ማረሻ፣ ገንቦ፣ ጋቢ፣ ራዲዮ፣ ጃንጥላና መጥረቢያ፣ እንዲሁም ዕቃው የተደበቀባቸው 9 ቦታዎች፣ ከጎታ እስከ በረት፣ በ21 ካርቶን ላይ ይጻፋሉ። ከየወገኑ አንድ አንድ ተመርጦ ሦስቱ በፖስታ ይታሸጋሉ፤ የቀሩት 18 ለተጫዋቾች ይታደላሉ። ልጆቹ እየተጠያየቁ በእጃቸው ያለውን በመሰረዝ የታሸገውን ያገኛሉ። ካርቶንና መቀስ ማኅበሩ ያቀርባል።

ከዚህ ጽሑፍ ጋር በየሳምንቱ አንድ አንድ እንቆቅልሽ በሰሌዳው ላይ ይለጠፋል። መልሱን ብቻ ይዞ የመጣ ልጅ አይቆጠርለትም፤ እንዴት እንደ ደረሰበት ከጓደኞቹ ፊት ቆሞ ያስረዳ።