መጠየቅን የሚያስተምር ትምህርት
(በሐይቅ ለሐይቅና ለአምባሰል የሰበካ ጉባኤ ተወካዮች የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በየአጥቢያው ስንዘዋወር ወላጆች ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አለ። «ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አንትሮፖሎጂ ተመደበ። ይህ ትምህርት ምን እንጀራ ይሆነዋል? ሃይማኖቱንስ አያስተወውም ወይ?» ይላሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም።

አንትሮፖሎጂ የሰውን ልጅ አኗኗር፣ ዝምድና፣ እምነትና ሥርዓት የሚያጠና የትምህርት ዘርፍ ነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎቻችን የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርቶች ውስጥ በመካተቱ ሌላ ሙያ የሚማሩ ልጆቻችንም ይቀምሱታል። ዋና ትምህርቱ ያደረገው ተማሪ ግን ከሰዎች ጋር ተቀምጦ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቆ፣ የአኗኗራቸውን ምክንያት ከራሳቸው አንደበት መረዳትን ይለማመዳል።

የዚህ ፍሬ በአገራችን ታይቷል። በ1977ቱ ረኃብ ወሎ በዓለም ፊት የታየው እጁን ለምጽዋት ዘርግቶ ነው። ደሳለኝ ራኅማቶ ግን በአምባሰል ባደረጉት ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ1991 በታተመው መጽሐፋቸው፣ ገበሬው ምግቡን እየቀነሰ፣ ከዘመድና ከጎረቤት ጋር እየተረዳዳ፣ ንብረቱን እየሸጠ ራሱን ለማዳን እንደ ታገለ አሳይተዋል። መጽሐፉ በአንትሮፖሎጂ ስም ባይወጣም አካሄዱ ለዚህ ትምህርት ቅርብ ነው። አንትሮፖሎጂስቱ አሉላ ፓንክረስት ደግሞ ከወሎ ወደ ወለጋ በሰፈራ የሄዱት ወገኖቻችን ያዩትን መከራና የመሠረቱትን ኑሮ ጽፈዋል።

«የነፍስ አባት እያንዳንዱን ቤት ያውቃል፤ ሌላ ጠያቂ ለምን ያስፈልገናል?» የሚሉ አባቶች አሉ። እውነት ነው፤ ያውቃል። ነገር ግን በንስሐ የሰማውን በእርዳታ መዝገብ ላይ ሊያሰፍረው አይችልም፤ ምስጢር ነውና። ስለዚህ በግልጥ የሚጠይቅ፣ ለምን እንደሚጠይቅ አስቀድሞ የሚናገር፣ የነገሩትንም ሰዎች ስም የሚጠብቅ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። አለዚያ መዝገባችን ለኮሚቴው የቀረበውንና ደፍሮ የሚናገረውን ብቻ ይይዛል፤ ዝም ያለችው መበለት ትቀራለች።

በኢየሩሳሌም የሆነውም ይኸው ነበር። በዕለት እርዳታ መበለቶች ተዘነጉ። ሐዋርያትም ጉርምርምታውን አልናቁም፤ ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ። ከሰባቱ ቀዳሚው ቅዱስ እስጢፋኖስ ነው፤ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደቀ መዛሙርትን ያፈሩበት የሐይቅ ገዳማችን በስሙ ይጠራል። የዲቁና አገልግሎት የተዘነጋውን ከማየት ጀመረ።

የሃይማኖቱን ሥጋት በተመለከተ፣ ትምህርቱ እምነትን እንደ ባህል ብቻ የሚያይበት ጊዜ አለ። ልጁ ይህን ጥያቄ ይዞ ሲመጣ ከተግሣጽ ይልቅ ታግሦ የሚያስረዳ መምህር ይሻል። በሌላ በኩል የጎረቤትን ሥርዓት ማወቅ በወሎ አዲስ ነገር አይደለም። በቅሬ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብረው ይቀብራሉ፤ በሽምግልናም አብረው ይቀመጣሉ።

እንግዲህ ሦስት ነገር እንጠይቃችኋለን። አንደኛ፣ ምንጭ ለማጎልበትም ሆነ ችግረኛ ለመለየት ስታስቡ፣ ይህን ትምህርት የተማረ የአጥቢያችሁን ልጅ ከዕቅዱ በፊት ጥሩት። ውኃ የሚቀዱት ሴቶች ናቸው፤ ስለ ቦታው ሲመከር ግን ብዙ ጊዜ የሚናገሩት ወንዶች ናቸው። እርሷንም ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ ለድካሙ አበል ቁረጡለት፤ ሥራው ሙያ ነውና በምርቃት ብቻ አይሸኝ። ሦስተኛ፣ የተገኘው ሁሉ ወደ ጽሕፈት ቤት ከመላኩ በፊት ስም ሳይጠራ ለሕዝቡ ይነበብ፤ የተሳሳተውን ሕዝቡ ያርም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።