መዝጊያው ሲዘጋ የሚቀረው ክፍተት
(የቆዩ ኤም-ዋን ጠመንጃዎች ምርመራ ስልጠና ላይ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር)



ይህን ስልጠና በንግግር እንድከፍት ስጠራ አዘጋጆቹን አንድ ነገር ጠየቅኳቸው፤ ጠረጴዛው ላይ አበባ ሳይሆን ጠመንጃ እንዲቀመጥ። እነሆ ተቀምጧል። ባዶ መሆኑን ጠዋት እኔ አይቻለሁ፤ እናንተም ከመንካታችሁ በፊት እንደገና ታያላችሁ።

ይህ ኤም-ዋን ነው። የነደፈው ጆን ጋራንድ ካናዳ ተወልዶ አሜሪካ ስፕሪንግፊልድ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ የሠራ ሰው ነው። የአሜሪካ ጦር የተቀበለው እኛ ከጣሊያን ጋር በምንፋለምበት በ1928 ዓ.ም. ነበር። ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1943 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ኮርያ ሲገባ የታጠቀው ይህንኑ ነው። ስምንት ጥይት ይጎርሳል፤ ስምንተኛው ሲተኮስ የጥይት ማቀፊያው ‹‹ቅጭል›› ብሎ ይወጣል። ያን ድምፅ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ዛሬም ‹‹ኤም-ዋን አይበላሽም›› ይሏችኋል። አክብሯቸው፤ ግን አትመኗቸው።

ለምን አትመኗቸው እንደምል ልንገራችሁ። ጀማሪ ጠጋኝ ሳለሁ ሃያ ኤም-ዋን እንዳጸዳ ተሰጠኝ። ሥራ ለማፍጠን ሃያውንም ፈታሁና መዝጊያዎቻቸውን አንድ ትሪ ላምባ ውስጥ ነከርኳቸው። ሲያልቅ ደግሞ እጄ የገባውን መዝጊያ እጄ የገባው ጠመንጃ ላይ ገጠምኩ። ሁሉም ገጠመ፤ ሁሉም ያበራ ነበር። በሳምንቱ ተኩስ ሜዳ ላይ አንዱ ሁለት ጊዜ ተኮሰና ቆመ። የቀለሃው ቂጥ ወጥቷል፣ የፊቱ ግማሽ ውስጥ ቀርቷል፣ ሦስተኛው ጥይት እላዩ ላይ ተሰንቅሯል። ሰው አልተጎዳም። አለቃዬ የተቆረጠውን ቂጥ መዳፌ ላይ አስቀመጠና ዝም አለኝ። ቁርጡ ቶርኖ ላይ የተቆረጠ ይመስል ነበር።

መዝጊያዎቹን ስቀያይር ያዛባሁት ሄድስፔስ የምንለውን ነገር ነው። አማርኛ ስም ስላላወጣንለት በዚሁ እንጥራው። መዝጊያው ተዘግቶ ሲቆለፍ፣ ከመዝጊያው ፊት አንስቶ የጥይቱ ትከሻ እስከሚያርፍበት ቦታ ያለው ርቀት ነው። ለኤም-ዋን 7.62 በ63 ጥይት ትንሹ ልክ 49.28 ሚሊሜትር ነው፤ ጠመንጃው ከአገልግሎት የሚወጣበት፣ ‹ፊልድ› የምንለው መለኪያ ጌጅ ደግሞ 49.53። ልዩነቱ ሩብ ሚሊሜትር ነው! በዓይን አታዩትም፣ በእጅም አትዳስሱትም።

ክፍተቱ ሲሰፋ ምን ይሆናል? መርፌው ሲመታ ጥይቱን ወደፊት ይገፋዋል። ባሩዱ ሲቀጣጠል የቀለሃው ፊት ተለጥጦ ግድግዳው ላይ ይጣበቃል፤ ቂጡ ግን መዝጊያው ፊት እስኪደርስ ወደኋላ ይሄዳል። መሐል ላይ ያለው ናስ ይሳባል፣ ይሳሳል። ከሜዳ የለቀማችሁትን ቀለሃ ውሰዱ፤ ቀጭን ሽቦ ጫፉን አጥፋችሁ አስገቡና ከቂጡ ከፍ ብሎ የውስጡን ግድግዳ ፈትሹ። ሽቦው ጎድጎድ ያለ ቀለበት ላይ ከተሰናከለ ያ ቀለሃ ሊቆረጥ ጥቂት ነበር የቀረው።

ጌጅ ስታስገቡ ደግሞ እንደ ጥይት አታስገቡት። መዝጊያውን አውጡ፣ ቀለሃ ጎታቹንና አስፈንጣሪውን ፍቱ፤ የአስፈንጣሪው ሞላ ጌጁን እየገፋ ያሳስታችኋል። የጥይቱን ማደሪያ አጽዱ፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ልኬቱን ትቀይረዋለች። መዝጊያውን መልሳችሁ ግጠሙና በጣታችሁ ብቻ፣ ቀስ አድርጋችሁ ዝጉ። የማስፈንጠር ልማድ ያለው ሰው እዚህ ክፍል ውስጥ ካለ ዛሬ ይተወው፤ በኃይል የተዘጋ መዝጊያ ውድ ጌጅ ያበላሻል፣ ውሸትም ያናግራል። ትንሹን ልክ በያዘው ጌጅ፣ በ‹ጎ›፣ መዘጋት አለበት፤ በ‹ፊልድ› መዘጋት የለበትም። በሁለቱ መካከል ባለው ጌጅ፣ በ‹ኖ-ጎ›፣ ተዘግቶ በ‹ፊልድ› የማይዘጋው ከአገልግሎት አይወጣም፤ ቁጥሩ ተመዝግቦ ክትትል ይደረግበታል። ኤም-ፎርቲን የተባለው ጠመንጃ የሚያጋጥማችሁ ደግሞ፣ ልኩ የተለየ ነውና ጌጁ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። የንግድ ፊልድ ጌጅ 41.61 ነው፣ የወታደሩ ወደ 41.80 ይጠጋል፤ አንዱ የጣለውን ሌላው ያሳልፋል።

አሁን ወደ አፈሙዙ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሁለት በሽታ ያቀላቅላል። ሄድስፔሱ የተበላሸ ጠመንጃ ኢላማውን ሊመታ ይችላል፤ የሚያሰጋው ለተኳሹ ነው። ውስጡ የተበላ ጠመንጃ ደግሞ ተኳሹን አይነካውም፤ ኢላማውን ይስታል እንጂ።

መበላቱ በሁለት ጫፍ ይጀምራል። አንደኛው ከጥይቱ ማደሪያ ቀጥሎ ያለው ጉሮሮ ነው። ትኩሱ ጋዝ መጀመሪያ የሚልሰው እሱን ነው፤ በአጉሊ መነፅር ስታዩት በበጋ የተሰነጣጠቀ ዋልካ መሬት ይመስላል። ሁለተኛው ጫፍ የእኛው ጥፋት ነው። ኤም-ዋን ከኋላ በኩል ዘንግ አያስገባም፤ ስለዚህ ከፊት ይወለወላል። የብረት ዘንግ ለዓመታት አንዱን ጎን ሲፍቅ አፉ ይሰፋል፣ ክብነቱም ይዛባል። ጥይቱ ሲወጣ ጋዙ በሰፋው ጎን ቀድሞ ያመልጥና አቅጣጫውን ያስተዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአገራችን መጋዘን ወጥተው አሜሪካ የተሸጡ ጠመንጃዎች ነበሩ፤ የገዟቸው ሰብሳቢዎች ከሰደፉ ውበት በፊት የሚለኩት ይህንን ነው፣ አፉንና ጉሮሮውን። እኛ ግን ሰደፉን ቅቤ እየቀባን ነው የኖርነው።

ስለ ዝገትም አንድ ነገር ልበል። የድሮው የኤም-ዋን ጥይት መለኮሻ ሲቃጠል ጨው ይተዋል፤ ጨው ደግሞ ከአየሩ እርጥበት ይስባል። ዘይት ጨው አያሟሟም። ‹‹ማታ በዘይት ወልውዬው አደርኩ፣ ጠዋት ዝጎ አገኘሁት›› የሚለው ወታደር አልዋሸም። መጀመሪያ ሙቅ ውሃ፣ ከዚያ ማድረቅ፣ ዘይቱ መጨረሻ ላይ ነው። የኤም-ፎርቲን ውስጡ በክሮም ስለተለበጠ ይታገሣል፤ የኤም-ዋን ብረት ባዶውን ነው።

የተበላውን በአዲስ አፈሙዝ ስትቀይሩ ሄድስፔሱም አብሮ እንደሚቀየር ልብ በሉ። ነገ ከሰዓት የምንሠራው እሱን ነው፤ የማደሪያ ማስፊያውን ሪመር ይዘን፣ በጥቂት በጥቂቱ እየፋቅን፣ በየመሐሉ ጌጅ እያስገባን።

ለዛሬ እያንዳንዱ ቡድን አምስት ጠመንጃ ተሰጥቶታል። መዝጊያዎቹ በየጠመንጃው ቁጥር በተጻፈባቸው ከረጢቶች ውስጥ ናቸው። ትሪ አላመጣሁም።