ከቅልና ከዛፍ ቅርፊት የሚታተም የስንብት ልብስ



በአገራችን የሸማ ጌጥ በሸማኔው መወርወሪያ ከልብሱ ጋራ አብሮ የሚሠራ ስለ ሆነ፥ ጥለቱን ከድሩና ከማጉ ለይቶ ማየት አይቻልም። ልብሱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ በላዩ ጌጥ ማተም የኛ ሸማኔ ልማድ አይደለም። ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ ስለ ሌላ አገር ጥበብ ይሆናል፤ ይኸውም በጋና የሚኖሩት አሻንቲዎች አዲንክራ ብለው ስለሚጠሩት የታተመ ልብስ ነው። ማኅተሙ ከቅል ይቀረጻል፤ ቀለሙ ከዛፍ ቅርፊት ይፈላል። ዕቃው ይህን ያህል ቀላል ሲሆን የሚናገረው ነገር ግን ከባድ ነው። አዲንክራ ማለት በአካኖች ቋንቋ ስንብት ማለት ነውና፥ ልብሱ ከጥንት ጀምሮ የሚለበሰው ለሞተ ሰው በሚደረገው የኀዘን ሥርዐት ላይ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቀለሙ ልናገር፤ የሥራው ልብ እርሱ ነውና። ቀለሙ የሚወጣበት ዛፍ ባዲዬ ይባላል። ከዛፉ የተላጠው ቅርፊት በውሃ ተዘፍዝፎ ከራሰ በኋላ፥ የውጭው ሻካራ ክፍል ይወገድና የውስጡ ልጥ በሙቀጫ ይወቀጣል። ከዚያም በትልቅ በርሜል ውስጥ ሆኖ በእንጨት እሳት ለብዙ ሰዓት ይፈላል፤ ይጠለላል፤ የተጠለለው ውሃ እንደ ገና እሳት ላይ ይጣድና መጠኑ እየጐደለ፥ መልኩም እየጠቈረ ሄዶ እንደ ሽሮፕ እስኪወፍር ድረስ ይቈያል። በቀድሞ ዘመን ከብረት ማቅለጫ የወጣ ዝቃጭ በድስቱ ይጨመርበት ነበር። ይህ ያለ ምክንያት የተደረገ አይደለም። ቅርፊቱ ታኒን የተባለውን ቆዳ የሚያለፋ ነገር ይዟል፤ ታኒንም ከብረት ጋራ በተገናኘ ጊዜ ወደ ጥቁር ይለወጣል። የኛ አገር የብራና ጸሐፊ ጥቁሩን ቀለም በአብዛኛው ከጥላሸት ሲያወጣ፥ አሻንቲው ከቅርፊትና ከብረት አወጣው። ለዚህ ወፍራም ፈሳሽ የሰጡት ስም አዱሮ ነው፤ ትርጓሜውም መድኃኒት ማለት ነው።

ማኅተሙ የሚቀረጸው ከደረቀ ቅል ስባሪ ላይ ነው። ቀራጩ በትንሽ ቢላዋ የማይፈለገውን እየፋቀ ምልክቱን ብቻ ከፍ አድርጎ ይተወዋል፤ በጀርባው በኩል ቀጫጭን እንጨቶችን ይተክልና ጫፋቸውን በጨርቅ ጠቅልሎ መያዣ ያበጅለታል። የቅሉ ጕብጠት ጕድለት መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን አታሚው ማኅተሙን ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው እያንከባለለ የሚጫነው በዚህ ጕብጠት ምክንያት ስለ ሆነ፥ ቀለሙ ሳይጨማለቅ በትክክል ያርፋል። ጨርቁ ለስላሳ ነገር በተነጠፈበት ላይ ተወጥሮ ይዘረጋል፤ ጥርሶቹ ጥቂት በሆኑ የእንጨት ሚዶም በቀለም እየተነከረ መስመር ይሰመርበትና ልክ እንደ እርሻ መደብ ይከፋፈላል። ከዚህ በኋላ እያንዳንዱ መደብ በየምልክቱ ይታተማል።

ምልክቶቹም እያንዳንዳቸው ስምና ነገር አላቸው። አንገቱን ወደ ኋላ የመለሰው ወፍ ሳንኮፋ ሲሆን፥ ተመልሰህ የተውኸውን አንሣ እንደ ማለት ነው። ጄ ኛሜ የሚባለው ከእግዚአብሔር በቀር ማለት ሲሆን፥ ከሁሉ ይልቅ የታወቀ ነው። ከኀዘኑ ጋራ እጅግ የሚስማማው ግን የሞት መሰላል የሚባለው ነው፤ በዚያ መሰላል የሚወጣው አንድ ሰው ብቻ አይደለም፥ ሁሉም በየተራው ይወጣዋል ይላሉ። ለቅሶ የመጣው ሰው አንደበቱ ቢያያዝበት እንኳ ልብሱ ስለ እርሱ ይናገርለታል። በ1927 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጠራለሁ) ራትሬ የተባለ ሰው ባሳተመው መጽሐፍ ከእነዚህ ምልክቶች 53ቱን መዝግቧል።

ስለ አጀማመሩ የሚነገር ታሪክ አለ። ኮፊ አዲንክራ የሚባል የጂያማን ንጉሥ የአሻንቲን የወርቅ ዙፋን አስመስሎ ለራሱ ስላሠራ፥ የአሻንቲው ንጉሥ ኦሴ ቦንሱ በ1818 ዘምቶ ድል አደረገው፤ ጥበቡም ስሙም ከዚያ ተገኘ ይባላል። ታሪኩ ያማረ ነው። ነገር ግን ከዘመቻው አንድ ዓመት ቀድሞ፥ በ1817፥ ቶማስ ኤድዋርድ ቦውዲች የተባለ እንግሊዛዊ ከኩማሲ ያገኘው የአዲንክራ ልብስ እስከ ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። እንግዲህ ጨርቁ ራሱ ታሪኩን ይከራከረዋል።

የኀዘኑ ልብስ መደቡ ቀይ፥ ቡናማ ወይም ጥቁር ነው፤ ነጭ መደብ ያለው ግን ለደስታ ቀን ይለበሳል። በጥንቱ መንገድ የታተመ አዲንክራ ለመታጠብ የተሠራ አይደለም፤ ውሃ ሲነካው ቀለሙ ይለቃልና። ሥራው ከባድ፥ ዕድሜውም አጭር በመሆኑ የፋብሪካ ጨርቅ በቀላሉ ሊወዳደረው ቻለ። ዛሬ እነዚሁ ምልክቶች በፋብሪካ ቀለም፥ በፍሬም ላይ በተወጠረ ወንፊት ይታተማሉ፤ ከውጭ አገር ተሠርተው የሚገቡትም ብዙ ናቸው፤ ይታጠባሉ፥ ዋጋቸውም ይቀንሳል። የጋና መንግሥት ሕዝቡ ከአባቶቹ የወረሰውን ጥበብ በ1985 በወጣው የደራሲነት መብት ሕግ ውስጥ አስገባው፤ በ2005 የወጣውም ሕግ ይህ መብት በሕዝቡ ስም በአደራ ለፕሬዚዳንቱ የተሰጠ ነው ይላል። ሕጉ መልካም ነው፤ ነገር ግን በሌላ አገር የተቋቋመውን ፋብሪካ የሚከስሰው ማን ነው?

እኔ በበኩሌ ለምልክቶቹ አልሰጋም። በወንበር፥ በግድግዳና በጌጣጌጥ ላይ ተቀርጸው በየቦታው ስለሚታዩ የሚጠፉ አይመስለኝም። የምሰጋው ለቅርፊቱና ለቅሉ ነው። ከኩማሲ በስተ ሰሜን 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በንቶንሶ መንደር ይህ ሥራ በጥንቱ ዐይነት ይሠራል፤ እንግዳ የመጣ እንደ ሆነም ማኅተም ይሰጠውና በቍራጭ ጨርቅ ላይ በገዛ እጁ እንዲያትም ይጋበዛል። እንግዳው ምልክቱን አትሞ ለመሄድ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ያ ማኅተም የተነከረበት ቀለም ግን ተዘፍዝፎ፥ ተወቅጦ፥ ሁለት ጊዜ ፈልቶ የመጣ ነው፤ ገዢውም ዋጋ ሲከራከር ስለ ምልክቱ እንጂ ስለዚህ ድካም ሲጠይቅ አይሰማም።