ደኅናው ኮምፒዩተር «አይበቃም» ሲባል
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



 በዕድሜም ሆነ በሥራ ልምድ የሚበልጡኝ መሐንዲሶች በተሰበሰቡበት አዳራሽ ስለ ኮምፒዩተር መናገር ድፍረት ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ የተነሣሁት ለማስተማር ሳይሆን፣ በመጀመሪያ አንድ ጥፋቴን ለመናዘዝ፣ ቀጥሎም ያ ጥፋት ያስጠናኝን ጉዳይ ለማካፈል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ባልደረባዬ ኮምፒዩተሩን ይዞ ወደ እኔ መጣ። መሣሪያው ሲገዛ ሌላ ሰው የተገለገለበት ቢሆንም፣ የሕንፃ ሥዕልንና ስሌትን ያለ ድካም የሚሠራ ደኅና ዕቃ ነበር። ባለቤቱ ወደ ዊንዶውስ 11 ልሸጋገር ቢል ግን «ይህ ኮምፒዩተር መስፈርቱን አያሟላም» የሚል መልስ አገኘ። «አንተ ታውቅበታለህ፤ እስቲ እየው» አለኝ። እኔም ብዙ ሳልመረምር ባዮስ የምንለውን የመነሻ ፕሮግራም በአዲስ ተካሁት። መሣሪያው ዳግመኛ ሲነሣ በጥቁር ገጽ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ጽፎ፣ እስማማ እንደሆነ አንድ ፊደል እንድጫን ጠየቀኝ። በጥሞና ሳላነብ ተጫንኩ። ወዲያው ሰማያዊ ገጽ ወጣና 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቁልፍ አምጣ አለኝ። ዲስኩን በምስጢር የቆለፈው ከባልደረባዬ በፊት መሣሪያውን ያዘጋጀ ሰው ስለነበረ፣ ባልደረባዬ ቁልፍ መኖሩንም አያውቅም ነበር። የሦስት ወር ሥዕልና ስሌት፣ አንዳች ብልሽት በሌለበት ዲስክ ላይ፣ ዓይናችን እያየ ተዘጋ። ይባስ ብሎም ድካሙ ሁሉ ከንቱ እንደነበረ በኋላ ተረዳሁ፤ የጎደለው ነገር የፕሮሰሰሩ ትውልድ ነበርና ባዮስን ማደስ የሚለውጠው ነገር አልነበረም።

እንግዲህ ይህን ያህል ጣጣ የሚያመጣው መስፈርት ምንድን ነው? ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 11ን ለሽያጭ ያወጣው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 5 ቀን 2021 ነው። 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ይኑር የሚለውን ብዙ አሮጌ ኮምፒዩተር ያሟላል። የሚያስቸግሩት ሦስቱ የደኅንነት መስፈርቶች ናቸው።

የመጀመሪያው ቲፒኤም 2.0 የሚባለው ነው። ይህ የምስጢር ቁልፎች የሚቀመጡበት ትንሽ ካዝና ነው ማለት ይቻላል። ኮምፒዩተሩ በሚነሣበት ጊዜ እያንዳንዱ ፕሮግራም አሻራው ይወሰድና በካዝናው ውስጥ ይመዘገባል። አሻራው እንደ ቀድሞው ሆኖ ከተገኘ ካዝናው የዲስኩን ቁልፍ ይሰጣል፤ ካልሆነ ይከለክላል። በብዙ ኮምፒዩተሮች ውስጥ ለብቻው የቆመ ዕቃ ሳይሆን ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የሚመጣ ነው፤ ኢንቴል «ፒቲቲ»፣ ኤኤምዲ ደግሞ «ኤፍቲፒኤም» ይሉታል። እኔ ሳላነብ የተስማማሁበት ማስጠንቀቂያም «ካዝናው ባዶ ይደረግ?» የሚል ነበር።

ሁለተኛው ሴኪዩር ቡት ነው፤ ይህም የታመነ ፊርማ የሌለው ፕሮግራም ኮምፒዩተሩን እንዳያስነሣ የሚከለክል በር ጠባቂ ነው። ሦስተኛው፣ ከሁሉም በላይ የሚያስቆጣው፣ የተፈቀዱ ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ነው። ከጥቂቶች በስተቀር ከኢንቴል 8ኛው ትውልድ፣ ከኤኤምዲም ከራይዘን 2000 በፊት የነበሩት ከዝርዝሩ ውጭ ናቸው። እነዚህ ፕሮሰሰሮች ለገበያ የቀረቡት እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 ነው። ስለዚህ በ2016 የተገዛ ውድ ኮምፒዩተር ዊንዶውስ 11 ሲወጣ ገና የአምስት ዓመት ዕድሜ እያለው «አይበቃም» ተባለ።

ለእውነት ስንል የአምራቹንም ቃል እንስማ። አሮጌውን ሶፍትዌር ያለ እድሳት መጠቀም ምን እንደሚያስከትል እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዓለም ሁሉ አይቷል። ዋናክራይ የተባለው ተንኮል አዘል ፕሮግራም የብሪታንያን ሆስፒታሎች ሳይቀር ሥራ አስፈትቷል፤ ሕሙማን ቀጠሯቸው ተሰርዟል። የመከላከያው እድሳት ግን ቀደም ብሎ በማርች ወር ወጥቶ ነበር። እንዲሁም ማይክሮሶፍት በ2021 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በሰጠው መግለጫ፣ በሙከራው ወቅት መስፈርቱን ያላሟሉ ኮምፒዩተሮች ከሥርዓቱ እምብርት የሚነሣ መውደቅ በ52 በመቶ በዝቶባቸው እንደታየ ገልጿል። ስለሆነም መስፈርቱ ከንቱ ፈጠራ ነው ለማለት አልደፍርም። ኮምፒዩተሩ የተሰረቀበት ሰው ሥራውና የደንበኞቹ ምስጢር በሌባ እጅ እንዳይነበብ የሚያደርገው ይኸው ካዝና ነው።

ታዲያ ቅሬታው ከምን ላይ ነው? በእኔ አስተያየት ከሦስት ነገሮች ላይ ነው።

አንደኛ፣ መስመሩ የተሰመረበት ምክንያት ለመሐንዲስ ዓይን ግልጽ አይደለም። ዊንዶውስ 11 የሥርዓቱን እምብርት ከቀረው ማስታወሻ ለይቶ ይጠብቃል። ይህ ጥበቃ እንዳይከብድ የሚረዳው የፕሮሰሰር ችሎታ በኢንቴል ከ7ኛው ትውልድ፣ በኤኤምዲ ደግሞ ዜን 2 ከሚባለው ትውልድ ጀምሮ ይገኛል። ነገር ግን ችሎታው ያላቸው የ7ኛው ትውልድ ፕሮሰሰሮች አብዛኞቹ ሲከለከሉ፣ ከዜን 2 የሚቀድሙት የራይዘን 2000 ፕሮሰሰሮች ተፈቀዱ። ሚዛኑ ይህ ችሎታ ብቻ ቢሆን ኖሮ መስመሩ እንዲህ ባልተሰመረ ነበር።

ሁለተኛ፣ ለባለቤቱ በቂ ማብራሪያ አልተሰጠም። ኮምፒዩተርን ለመመርመር የወጣው የመጀመሪያው ፕሮግራም የጎደለውን ነገር ሳይገልጽ «አይሆንም» ብቻ ይል ስለነበር፣ በብዙ ወቀሳ ምክንያት በጁን 2021 ተነሥቶ ከተሻሻለ በኋላ ተመልሷል። ካዝናው እያለው በባዮስ ውስጥ ስለተዘጋ ብቻ የተከለከለ ኮምፒዩተርም ጥቂት አይደለም።

ሦስተኛ፣ ዕዳው የወደቀው በባለቤቱ ላይ ነው። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ እድሳት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አበቃ። ለግለሰቦች የአንድ ዓመት ተጨማሪ እድሳት በ30 ዶላር፣ ወይም በኩባንያው አካውንት አማካይነት መረጃን በማስቀመጥ ያለ ክፍያ ቀረበ። ለድርጅቶች ግን በአንድ ኮምፒዩተር 61 ዶላር ሆኖ በየዓመቱ እጥፍ እየሆነ እስከ ሦስት ዓመት ይሄዳል። ሦስቱ ዓመት ሲደመር 427 ዶላር ነው። ኮምፒዩተር በውጭ ምንዛሪ በሚገባበት፣ ብዙዎቻችንም ዘመድ ከባሕር ማዶ በላከልን ወይም ሰው በተገለገለበት መሣሪያ በምንሠራበት አገር ይህ ቀላል ሸክም አይደለም።

ከራሳችን ሙያ አንድ ምሳሌ ላምጣ። የአገራችን የሕንፃ ኮድ ስታንዳርድ እ.ኤ.አ. በ1995 ወጥቶ በኋላ በአዲስ ሲተካ፣ በቀድሞው የተሠራው ቤት ሁሉ ይፍረስ አልተባለም። አዲሱ ኮድ የሚገዛው አዲሱን ግንባታ ነው፤ ነባሩ ቤት አደጋ ካለበት ተመርምሮ ይጠናከራል። አሮጌ ቤት እንደ አዲሱ አይጸናም ብሎ ማስጠንቀቅ ተገቢ ነው። ጤነኛውን ቤት ከነዋሪው ጋር ሳይመካከሩ «ከእንግዲህ ጣራህን አንጠግንም» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ ለባልደረቦቼ የምመክረው ጥቂት ነው። ባዮስን ከመንካታችሁ በፊት ዲስኩ በምስጢር የተቆለፈ መሆኑን አረጋግጡ፤ ከተቆለፈም ያን 48 አኃዝ በወረቀት ጽፋችሁ ከኮምፒዩተሩ ውጭ አኑሩት። ሥራችሁንም በሌላ ዲስክ ገልብጡ። ከዚያም ከሦስቱ መስፈርቶች የጎደለው የትኛው እንደሆነ ለዩ፤ የተዘጋ ካዝና ይከፈታል፣ የፕሮሰሰር ትውልድ ግን በቅንብር አይለወጥም።

መስፈርቱን በዘዴ አልፎ ዊንዶውስ 11ን የመጫን መንገድ እንዳለ ታውቃላችሁ። ለመማሪያና ለሙከራ ቢደረግ አልቃወምም፤ ነገር ግን የደንበኛ ሥራ ባለበት ኮምፒዩተር ላይ አላደርገውም። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው እትም አንድ የፕሮሰሰር ትእዛዝ ስለጠየቀ፣ በዘዴ ያለፉ በጣም አሮጌ ኮምፒዩተሮች ጭራሽ ሊነሡ አልቻሉም። ለጽሕፈትና ለንባብ ለሚበቃው አሮጌ መሣሪያ ሊኑክስ መልካም መጠለያ ነው፤ እንደ አውቶካድ ያለው የሥዕል ፕሮግራማችን በሊኑክስ ላይ ስለማይሠራ ግን ለሁሉም መፍትሔ ነው አልልም። መሥሪያ ቤቶቻችንም ለግዥ ሲወጡ ዋጋና ፍጥነት ብቻ ሳይሆን፣ እድሳቱ እስከ መቼ እንደሚሰጥ በጽሑፍ እንዲጠይቁ አሳስባለሁ።

ባልደረባዬ ስለ ጥፋቴ አልተቀየመኝም። ከዚያ ቀደም በወረቀት ያሳተማቸው ጥቂት ሥዕሎች ተገኝተው፣ ለብዙ ሌሊት አብሬው ተቀምጬ የቻልነውን ያህል መልሰን ሣልን፤ ስሌቱን ግን ከመጀመሪያው ጀመረው። እነዚያን ሌሊቶች ሳስብ የሚታየኝ ይህ ነው፤ ቁልፉ በትክክል ሠርቷል፣ ካዝናውም እንደ ተሠራበት ዓላማ እንቢ ብሏል፣ የተጎዳው ግን ሌባ ሳይሆን የዕቃው ባለቤት ነው። ባለቤቱ የማያውቀው ቁልፍ ባለቤቱን ከሌባ አይለይም። መቆለፊያውን የሚሠሩት በሩቅ አገር ቢሆኑም፣ ቁልፉን ለባለቤቱ አስረድቶ ማስረከብ የእኛ የቅርቦቹ ግዴታ ነው።